ወይዘሪት ኤሚ ኔተርና ደቀ መዛሙርታቸው

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ልጅ ከወላጆቹ እጅ ወጥቶ ወደ ከፍተኛው ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ግን አባትና እናት የማያዩት ሌላ አሳዳጊ ያገኛል፤ ይኸውም መምህሩ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከቤት ጕዳይ ጥቂት ፈቀቅ ብለን፤ ባል ሳያገቡና ልጅ ሳይወልዱ ብዙ ልጆች ስላፈሩ አንዲት የጀርመን አገር መምህርት ለተወደዱት አንባቢዎቻችን ልናወራ አሰብን። እኒህም ወይዘሪት ኤሚ ኔተር ናቸው። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ወይዘሪት ኤሚ የተወለዱት በማርች 23 ቀን 1882 ዓመት በባቫርያ ክፍል በምትገኘው በኤርላንገን ከተማ ነው። አባታቸው ማክስ ኔተር በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ የታወቁ የሒሳብ ፕሮፌሶር ሲሆኑ፤ ቤተ ሰቡ ከአይሁድ ወገን ነበረ። በዚያ ጊዜ የደኅና ሰው ልጅ የሆነች ሴት ትማረው የነበረውን ሁሉ፤ ፒያኖውንም ዳንሱንም የውጭ አገር ቋንቋውንም ተማሩ። በ1900 ዓመትም ፈተና አልፈው በሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚያበቃ የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ያንን ሥራ ይዘው ቢሆን ደመወዛቸው የታወቀ፤ ኑሮአቸውም የተደላደለ በሆነ ነበር። እርሳቸው ግን የአባታቸውን ትምህርት፤ ሒሳብን መረጡ።

መምረጥ ቀላል ነው፤ መግባት ግን ከባድ ነበረ። ዩኒቨርሲቲው ያን ጊዜ ሴትን በተማሪነት አይመዘግብም። አንዲት ሴት መማር ብትሻ እያንዳንዱን መምህር ለየብቻ ታስፈቅዳለች፤ ከፈቀደላትም አዳማጭ ሆና ከወንበሩ ጫፍ ትቀመጣለች። በኤርላንገን አንድ ሺህ ያህል ከሚሆኑት ተማሪዎች መካከል እንዲህ ሆነው የተቀመጡት ሴቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛዋ ወይዘሪት ኔተር ናቸው። ሕጉ ተለውጦ በ1904 ዓመት እንደ ወንዶቹ ተመዘገቡ፤ በ1907 ዓመትም በፓውል ጎርዳን መሪነት የዶክተርነትን ማዕርግ በከፍተኛ ምስጋና ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ከ1908 እስከ 1915 ዓመት ድረስ በዚያው በኤርላንገን ያለ ደመወዝ ሠሩ። አባታቸው ሲታመሙባቸው በእርሳቸው ፈንታ እየገቡ ያስተምሩ ነበር። ሰባት ዓመት በነጻ ማገልገል የአባት ቤትና የአባት ማዕድ ላለው ሰው ብቻ የሚቻል ነገር ነው፤ ይህ ሳይኖራቸው ከመንገድ የቀሩት ሴቶች ስንት እንደ ነበሩ የቈጠረ የለም።

በ1915 ዓመት በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ራሶች የነበሩት ፌሊክስ ክላይንና ዳቪድ ሂልበርት ወይዘሪት ኔተርን ወደዚያ ጠሯቸው። ጌቲንገን በዚያን ጊዜ የዓለም ሒሳብ ዋና ከተማ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለቱ ሊቃውንት የማስተማር ፈቃድ ይሰጣቸው ብለው ሲጠይቁ፤ ከአንድ ጉባኤ የተቀመጡት የታሪክና የቋንቋ ፕሮፌሶሮች ተቃወሙ። ምክንያታቸውም ወታደሮቻችን ከጦር ሜዳ ተመልሰው ከሴት እግር ሥር ተቀምጠው ይማሩ ዘንድ ይገባልን የሚል ነበረ። ሂልበርትም ይህ ዩኒቨርሲቲ ነው እንጂ የመታጠቢያ ቤት አይደለም ብለው መለሱ ይባላል። ስለ ወይዘሪት ኔተር በተጻፈ ሁሉ ይህ ንግግር አይታጣም። ለእኛ ግን ይህን ያህል መደጋገሙ ደስ አይለንም፤ የእርሳቸውን ታሪክ የሂልበርት ቀልድ ያደርገዋልና።

ነገሩ በቀልድ አልተፈታም። ፈቃዱ ስለ ተከለከለ ትምህርቱ በማስታወቂያው ላይ በፕሮፌሶር ሂልበርት ስም ይወጣል፤ ወይዘሪት ኔተር ረዳት ተብለው ይጻፋሉ፤ ገብተው የሚያስተምሩት ግን እርሳቸው ነበሩ። እንዲህ በሰው ስም ተሸፍነው በሚያስተምሩበት ዘመን፤ በ1918 ዓመት፤ የፊዚክስ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠቀሙበትን ትልቅ ሕግ አረጋግጠው ጻፉ። በቀላል ቃል ለመግለጥ ያህል እንዲህ ነው። የተፈጥሮ ሕግ ትናንትም ዛሬም ነገም ሳይለወጥ አንድ ከሆነ፤ ከዚህ አለመለወጥ የተነሣ መጠኑ የማይጐድልና የማይጨመር አንድ ነገር መኖር ግድ ነው፤ እርሱም ኢነርጂ የሚባለው ነው። ኢነርጂ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም የሚለውን ነገር ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለ ምን እንደማይጠፋ ሥሩን ያሳዩት ወይዘሪት ኔተር ናቸው።

በ1919 ዓመት፤ ጦርነቱ አልፎ የጀርመን መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፤ በስማቸው ለማስተማር ተፈቀደላቸው። በ1922 ዓመት የፕሮፌሶርነት ስም ሰጧቸው፤ ስሙ ግን የመንግሥት ሹመትና ደመወዝ የሌለበት ነበረ። በሚመጣው ዓመት አልጄብራ የሚያስተምሩበት ጥቂት ገንዘብ ተቈረጠላቸው። ከአርባ ዓመት ዕድሜ በኋላ የመጀመሪያው ደመወዛቸው ይህ ነው። ከኋላ በጌቲንገን የሂልበርትን ወንበር የወረሱት ሄርማን ቫይል፤ ለወይዘሪት ኔተር የተሻለ ማዕርግ ለማሰጠት ደክመው እንዳልተሳካላቸው፤ ከእርሳቸው እንደሚበልጡ ከሚያውቋቸው ሰው በላይ በሆነ ወንበር መቀመጣቸውም ያሳፍራቸው እንደ ነበረ ገልጠው ተናግረዋል። ወይዘሪት ኔተር ግን ከዚህች ከጥቂት ገንዘባቸው እኩሌታውን ለወንድማቸው ልጅ ያስቀምጡ ነበር።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ እንግባ። አንባቢ ይህች መምህርት የተወደዱት በጣፋጭ አነጋገር ይሆናል ብሎ ያስብ ይሆናል። አይደለም። ወይዘሪት ኔተር የተዘጋጀ ጽሑፍ ይዘው አይገቡም፤ እየተናገሩ ያስባሉ፤ እያሰቡ ይጽፋሉ፤ የጻፉትንም ሳይደርቅ ያጠፉታል። አነጋገራቸው እጅግ የፈጠነ ስለ ነበረ አዲስ የመጣ ሰው አይከተላቸውም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ተነሥቶ የሚሄድም ነበረ። ስለ ልብሳቸውና ስለ ጠጕራቸው አይጨነቁም። አንድ ቀን በሁለት ሰዓት ትምህርት መካከል ጠጕራቸው ከመያዣው እየተፈታ ሲወድቅ ሁለት ሴቶች ተማሪዎች አይተው በዕረፍቱ ሊነግሯቸው ቢጠጉ፤ መምህርቲቱ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ስለ ሒሳብ በሚያደርጉት ክርክር ውስጥ ጣልቃ መግቢያ አጥተው ተመለሱ ይባላል። እንዲህ ያለውን አስተማሪ ብዙ ሰው አይወደውም፤ ለሁሉም ይመቻሉ ብለን አንዋሽም።

ለጸኑት ግን ትምህርቱ ከቃል በላይ ነበረ። በፊታቸው የሚቀርበው ያለቀ ነገር ሳይሆን በመሠራት ላይ ያለ ነገር ነውና፤ ተማሪው አዳማጭ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሥራው ባልንጀራ ይሆናል። በዙሪያቸው የተሰበሰቡት ወጣቶች በከተማው የኔተር ልጆች ተብለው ታወቁ። ከጀርመን አገር፤ ከሆላንድ፤ ከሩስያ፤ ከጃፓንና ከቻይናም የመጡ ነበሩባቸው። አንድ ጊዜ በመንግሥት በዓል ቀን የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶ ቢያገኙት፤ ተማሪዎቹን ከደረጃው ላይ ሰብስበው በጫካው መንገድ እየመሩ ከአንድ ቡና ቤት አድርሰው በዚያ አስተማሯቸው። በጣራ ሥር ያለችው ትንሽ ቤታቸውም ለተማሪ የተዘጋች አልነበረችም፤ እዚያ ፑዲንግ እየቀረበ ክርክሩ ይቀጥላል። ፑዲንጉ በስማቸው መጠራቱን ስንሰማ ሣቅን፤ ምክንያቱም ስለ ምግብ አሠራር የሚታሙ እንጂ የሚመሰገኑ ሴት አልነበሩም።

በ1924 ዓመት ከአምስተርዳም አንድ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት መጣ፤ ስሙ ቫን ደር ቫርደን ይባላል። ወይዘሪት ኔተር የሚያስፈልገውን መጽሐፍ ሁሉ እያሳዩ አስተማሩት። እርሱም ጥቂት ቈይቶ አንድ አዲስ አሳብ መጣለት፤ ጽፎ ለመምህርቱ ሰጣቸው። እርሳቸውም አነበቡት፤ መልካም ነው ብለውም በዘመኑ ከሁሉ በከበረው በማቴማቲሼ አናለን መጽሔት እንዲታተም ወዲያው ተቀበሉት። ወጣቱ ያላወቀው ነገር፤ ያንኑ አሳብ ወይዘሪት ኔተር እርሱ ወደ ጌቲንገን ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብለው ለተማሪዎች ያስተማሩት መሆኑ ነው። አንዲት ቃል አልነገሩትም። ኋላ የነገረው ትምህርቱን ከእርሳቸው የሰማው ጓደኛው ሃይንሪሽ ግሬል ነው። ይህን የምናውቀው ቫን ደር ቫርደን ራሱ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ተናገረ ነው እንጂ፤ ከመምህርቲቱ አፍ አልወጣም።

ይህ ነገር ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት የሊቃውንትን ጠባይ ማወቅ ያሻል። በዕውቀት ዓለም ሰው የሚካሰሰው በመሬት ወሰን አይደለም፤ ይህን መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ በማለት ነው። ማዕርግም ሹመትም የሚገኘው በዚህ ነውና። ሹመት ያልነበራቸው፤ ደመወዛቸው የትንሽ ጸሐፊ ያህል የሆነው እኒህ ሴት፤ ከማንም ይልቅ ይህን የእኔነት ምስክር የሚያስፈልጋቸው እርሳቸው ነበሩ። ለሃያ አንድ ዓመት ልጅ ተዉለት። ቫን ደር ቫርደንም በ1930ና በ1931 ዓመት በሁለት ክፍል ባሳተመው የአልጄብራ መጽሐፍ ከኤሚ ኔተርና ከኤሚል አርቲን ትምህርት የተጠቀመ መሆኑን በርእሱ ገጽ ላይ አስታወቀ። ይህም መጽሐፍ አልጄብራን በዓለም ሁሉ በአዲስ መንገድ እንዲማሩት አደረገ። የኔተር ስም ዛሬ በአልጄብራ መጻሕፍት ውስጥ ቅጽል ሆኖ ይገኛል፤ በአውሮጳ ፊደል ሲጽፉትም እንደ ተራ ቃል በትንሹ ፊደል ይጀምሩታል፤ ለሒሳብ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም ይላሉ። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለምና ይህን ክብር ልናሳይ አልቻልንም።

ሴቶችም ነበሩባቸው። በጌቲንገን መጀመሪያ በዶክተርነት ካስመረቋቸው ተማሪዎች አንዷ ግሬቴ ኸርማን ናት፤ የጻፈችው የምርመራ ጽሑፍ አንድ የአልጄብራ ጥያቄ ስንት እርምጃ ተሂዶ እንደሚፈታ የሚለካ ሆኖ፤ ዛሬ ኮምፒዩተር ለሚሠራው አልጄብራ መሠረት ከሆኑት ሥራዎች ይቈጠራል።

በ1932 ዓመት በዙሪክ በተደረገው የዓለም የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ወይዘሪት ኔተር በታላቁ ሸንጎ ፊት ንግግር አደረጉ፤ ከእርሳቸው በፊት ይህን ያደረገች ሴት አልነበረችም። ደስታው ግን አልቈየም። በጃንዋሪ 1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ፤ በአፕሪል 7 ቀን የወጣው ሕግ አይሁድን ከመንግሥት ሥራ የሚያስወጣ ሆነ፤ ወሩ ሳያልቅ ወይዘሪት ኔተር፤ ማክስ ቦርንና ሪሻርድ ኩራንት ከሌሎች ጋር ከማስተማር ታገዱ። በእርሳቸው ላይ የተቈጠረው አይሁዳዊነታቸው ብቻ አልነበረም፤ በ1928ና በ1929 ዓመት ክረምት በሞስኮ ማስተማራቸውና ስለ ፖለቲካ የነበራቸው አሳብም ነበረበት። ጓደኛቸው ሄልሙት ሀሴ ከብዙ አገር ሊቃውንት የድጋፍ ደብዳቤ አሰባስበው ለመንግሥቱ አቀረቡ፤ አንዳች አልረባም።

ወይዘሪት ኔተር ምን አደረጉ? ተማሪዎቹን ወደ ቤታቸው ጠሩ። ከአዳራሹ የተከለከለው ትምህርት በቤታቸው ቀጠለ። ከሚመጡት ተማሪዎች አንዱ የሂትለርን ጭፍሮች ቡናማ ልብስ ለብሶ መጣ። ልብሱ የእርሳቸውንና የወገናቸውን መጥፋት የሚመኝ ማኅበር ምልክት ነው፤ ወጣቱ ደግሞ ከሚወዱት ትምህርት አንድ ቀን እንኳ መቅረት የማይሻ ጐበዝ ተማሪ ነው። ሌሎች ቢሆኑ በሩን በዘጉ፤ ወይም በፍርሃት ትምህርቱን በበተኑ ነበር። እርሳቸው አልደነገጡም፤ አስቀምጠውም አስተማሩት፤ ኋላም ነገሩን አንሥተው ሣቁበት ይባላል። ይህ ልክ ነው ወይስ ከልክ ያለፈ የዋህነት ነው የሚለውን እኛም ከባልንጀሮቻችን ጋር ተከራክረንበታል፤ አልተስማማንም። ሄርማን ቫይል ግን በዚያ በክፉው ጊዜ፤ ጥላቻና ፍርሃት በሞላበት ከተማ፤ የወይዘሪት ኔተር ድፍረትና ስለ ራሳቸው አለመጨነቅ ለሁላቸው መጽናኛ እንደ ነበረ መስክረዋል። ሌላም ምስክርነት አላቸው፤ ወይዘሪት ኔተር እንደ ዳቦ ሙቀት ያላቸው ሴት ነበሩ ብለዋል። ከምድጃ አሁን የወጣ ዳቦ በእጁ የያዘ ሰው ቃሉን ያውቀዋል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በፔንሲልቫንያ ክፍል በፊላደልፍያ አጠገብ ያለው ብሪን ማር የሚባለው የሴቶች ኮሌጅ ተቀበላቸው፤ ገንዘቡን የሮክፌለር ድርጅትና ለተሰደዱት የጀርመን ሊቃውንት መርጃ የቆመው ኮሚቴ ሰጡ። የሒሳብ ክፍሉን የሚመሩት አና ፔል ዊለር እርሳቸውም በጌቲንገን የተማሩ ስለ ነበሩ፤ ስደተኛዋ መምህርት ቋንቋቸውንም ልማዳቸውንም የሚያውቅ ባልንጀራ አገኙ። በዕድሜያቸው ሙሉ ወንዶች በሞሉበት አዳራሽ የቈዩት ሴት አሁን በሴቶች ተከበቡ። ኦልጋ ታውስኪ፤ ማሪ ቫይስ፤ ግሬስ ሾቨርና ሩት ስታውፈር የሚባሉ አራት ወጣቶች የቅርብ ደቀ መዛሙርታቸው ሆኑ፤ የኔተር ልጆች የሚለው ስምም ወደ እነርሱ ተላለፈ።

ማስተማራቸው እንደ ጌቲንገኑ ነው። በእንግሊዝኛ ይጀምራሉ፤ ነገሩ ሲጠነክር ሳይታወቃቸው ወደ ጀርመንኛ ይመለሳሉ። ተማሪዎቹ የሙያውን ቃል በጀርመንኛ እንዳለ እየያዙ በእንግሊዝኛ መካከል ይናገሩ ስለ ነበረ፤ ከውጭ ለሚሰማቸው ሰው ጨዋታቸው የማን ቋንቋ እንደ ሆነ አይታወቅም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አብረው በእግር ይወጣሉ፤ መምህርቲቱ በወሬው ተይዘው መንገዱን ይረሱታል፤ አውቶሞቢል እንዳይመታቸው የሚጠብቁት ተማሪዎቹ ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን በባቡር ወደ ፕሪንስተን እየሄዱ በዚያ ባለው የምርምር ተቋም ያስተምሩ ነበር። በአጠገቡ ያለው ዩኒቨርሲቲ ያን ጊዜ ሴት የማይቀበል ስለ ሆነ በዚያ እንግዳ መሆናቸውን ያውቁታል፤ በብሪን ማር ግን ከዕድሜያቸው ሁሉ ይልቅ ደስ ብሏቸው ነበር።

በ1934 ዓመት በጋ ወደ ጀርመን አንድ ጊዜ ተመልሰው ዕቃቸውን ወደ አሜሪካ ላኩ፤ ወንድማቸውንም ፍሪትስ ኔተርን ተሰናበቱ። እኒያም የሒሳብ ፕሮፌሶር ሲሆኑ ከሥራቸው ወጥተው በሳይቤርያ ወደምትገኘው ወደ ቶምስክ ዩኒቨርሲቲ መሄዳቸው ነበር። ወንድምና እኅት ከዚያ በኋላ አልተያዩም። ፍሪትስ በሶቪየት መንግሥት በ1937 ዓመት ታሰሩ፤ በ1941 ዓመት ተገደሉ፤ በደል የሌለባቸው መሆኑን መንግሥቱ ያመነው በ1988 ዓመት ነው።

በአፕሪል 1935 ወይዘሪት ኔተር በሆዳቸው ውስጥ በተገኘ ዕጢ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ለጥቂት ቀን የዳኑ መስለው ነበር፤ በድንገት ትኵሳቱ ተነሥቶ በ14ኛው ቀን ዐረፉ። ዕድሜያቸው 53 ዓመት ነበረ። ለተማሪዎቻቸው ከመታመማቸው በፊት ብዙ አልነገሯቸውም፤ ስለዚህ ሞታቸው ለሁሉ መብረቅ ሆነ። ሄርማን ቫይል በብሪን ማር ቆመው ተናገሩ፤ አልበርት አይንሽታይን ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፈው ሥራቸውን አስታወቁ፤ በሞስኮ ፓቬል አሌክሳንድሮቭ በሒሳብ ማኅበሩ ፊት የመታሰቢያ ንግግር አደረጉ። በጀርመን አገር ግን የአይሁድን ስም በክብር ማንሣት በሚያስፈራበት በዚያ ዓመት፤ በማቴማቲሼ አናለን ላይ የሕይወታቸውን ታሪክና ምስጋናቸውን ጽፎ ያሳተመው ቫን ደር ቫርደን ነው። ያ መጽሔት የእርሱን የወጣትነት ጽሑፍ የተቀበሉለት መጽሔት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ለብዙ ዓመትም ወይዘሪት ኔተር የሌሎችን ጽሑፍ እየመረመሩለት፤ ስማቸው ከአዘጋጆቹ ተራ አንድ ቀን እንኳ ሳይታተም አገልግለውት ነበር።

ከሁሉ ያሳሰበው የሩት ስታውፈር ነገር ነበረ። የዶክተርነት ጽሑፏን በወይዘሪት ኔተር መሪነት ስትሠራ መምህርቷ ሞቱባት። ከጀርመን የተሰደዱት ሪሻርድ ብራወር ከፕሪንስተን መጥተው በሙታኗ ፈንታ መረመሯት፤ በዚያው በ1935 ዓመት ማዕርጓን ተቀበለች።

በጀርመን አገር ዛሬ በኤርላንገን በስማቸው የተጠራ ትምህርት ቤት አለ፤ የጀርመን የምርምር ድርጅትም ለወጣት ሊቃውንት የራሳቸውን ቡድን እንዲያቋቁሙ የሚሰጠውን ገንዘብ በኤሚ ኔተር ስም ሰይሞታል። በስሙ የሚከፈለው ደመወዝ ባለስሟ በዘመናቸው ከተቀበሉት ስንት እጥፍ እንደ ሆነ ለማስላት አልደፈርንም። ዐመዳቸው የተቀበረው በብሪን ማር ኮሌጅ ነው፤ ከቤተ መጻሕፍቱ አደባባይ ዙሪያ ባለው መተላለፊያ ከድንጋዩ ሥር፤ ተማሪዎቹ መጻሕፍት ይዘው በሚመላለሱበት።